ሻጭ በፈረመው ካውንተር ኦፈር ይገደዳል? ቤት በአሜሪካ ለሚሸጡና ለሚገዙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦፈር ገዢው የሚያቀርበው የዋጋና የሁኔታ ሐሳብ ነው፤ ካውንተር ኦፈር (ባጭሩ ካውንተር) ደግሞ ሻጩ ያንን ለውጦ የሚመልሰው ነው። ከታች ያሉት መልሶች በአሜሪካ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሚሠራውን የውል ሕግ የተከተሉ ናቸው። የሚለያዩት ቦታ ላይ ክፍለ ግዛቱን በስም ጠርተናል። ቅጽዎ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ ቅጹን ይመኑ።

ካውንተር ኦፈሩን ፈርሜ ልኬያለሁ። ቤቱን ሸጥኩ ማለት ነው?

ገና አልሸጡም። ፊርማዎ «በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሁኔታ ከተስማማህ እሸጥልሃለሁ» ከማለት አያልፍም። ውል የሚሆነው ገዢው አንዲት ነገር ሳይነካ ተቀብሎ ሲፈርም፣ የፈረመው ወረቀት ለእርስዎ ወይም ለኤጀንትዎ ሲደርስ፣ ይህም ሁሉ ጊዜው ሳያልፍና እርስዎ ሳይሰርዙት ሲሆን ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ውሉ ያስገድድዎታል። ከዚያች ደቂቃ በፊት ነፃ ነዎት።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኤጀንቶች «ኮንትራቱ ራቲፋይ ሆኗል» ሲሉ ይህችን ጊዜ ማለታቸው ነው። የኢንስፔክሽኑ (የቤቱ ምርመራ)፣ የብድሩና የቀብዱ ቀን የሚቆጠረው ከእሷ ስለሆነ ቀኗ በትክክል መመዝገብ አለባት። ቀኑ ባዶ የተተወበት ወይም በግምት የተሞላበት ኮንትራት በኋላ ጠብ ያመጣል።

ዋጋ ጨምሬ ስመልስለት የገዢው የመጀመሪያ ኦፈር ይጠብቀኛል?

አይጠብቅም፤ ካውንተር ማድረግ እምቢ ማለት ነው። ገዢው 600,000 ዶላር አቀረበ፣ እርስዎ 640,000 ብለው መለሱ፣ እሱም ተወው እንበል። በማግስቱ «እሺ፣ በ600,000 ይሁን» ቢሉ የሚቀበሉት ኦፈር የለም። አሁን አቅራቢው እርስዎ ነዎት፤ እሺ ወይም እምቢ የሚለው እሱ።

ይህ ደንብ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በ1840 በታየው የሃይድ እና ሬንች ክርክር ሻጩ እርሻውን በ1,000 ፓውንድ አቀረበ፣ ገዢው 950 አለ፣ ሻጩ እምቢ ሲለው ገዢው ተመልሶ «1,000ውን ተቀብያለሁ» አለ። ፍርድ ቤቱ ውል የለም ብሎ ወሰነ፤ 950 ያለ ጊዜ 1,000ው ሞቷል።

መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። «ማጠቢያ ማሽኑን ትተውልን ይሄዳሉ ወይ?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ኦፈሩን አይገድልም። «ማሽኑ ካልተካተተ አንፈርምም» ብሎ ቅጹ ላይ መጻፍ ግን ይገድላል።

«እስከ ነገ 5 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ከፈረምኩ እስከዚያ መጠበቅ ግዴታዬ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢም ሻጭም። ቅጹ ላይ ያለው ሰዓት ካውንተሩ መቼ እንደሚሞት ይናገራል እንጂ እስከዚያ ቤቱን ይዘው እንዲቆዩ አያስገድድም። ሻጩ ያንን ቃል ሊጠብቅ የሚገደደው ገዢው ለዚያ ብቻ ተለይቶ ገንዘብ ከፍሎ የኦፕሽን ውል ከገባ ነው።

በዚህ ላይ ከሚጠቀሱት ፍርዶች ግልጹ በ1985 የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የኖርማይል እና ሚለር ጉዳይ ነው። ገዢው በነሐሴ (ኦገስት) 1980 በፈረንጆች አቆጣጠር ኦፈር አቀረበ። ቅጹ ምላሽ እስከ ነሐሴ 5 ቀን ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት እንዲሰጥ ይላል። ሻጯ ቀብዱን ከ100 ወደ 500 ዶላር፣ የብድሩን ዘመን ከ25 ወደ 20 ዓመት ቀይራ ፈርማ መለሰች። ገዢው እስከ 5 ሰዓት ቤቱ በእጄ ነው ብሎ ሳይቀበልም ሳይተውም አደረ። በዚያው ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኤጀንቱ ሌላ ሰው አስፈረመ፤ ሻጯም ያንን ሰው ተቀበለች። ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ላይ ኤጀንቱ ለመጀመሪያው ገዢ «ያንቀላፋ ተቀደመ፤ ቤቱ ተሸጧል» አለው። ገዢው ከ5 ሰዓት በፊት ፈርሞ 500 ዶላሩን ይዞ ቢሄድም ተሸነፈ። ምክንያቱም ሻጯ ለካውንተሯ የገባችው የጊዜ ቃል አልነበረም፤ ገዢውም መሰረዙን የሰማው ከመፈረሙ በፊት ነው።

ልብ ይበሉ፦ ሻጯን ያዳናት ገዢው መስማቱ ነው። ሳይሰማ ፈርሞ አድርሶ ቢሆን ኖሮ ሻጯ አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሸጣ ትገኝ ነበር።

(ሰዓት ሲጽፉም ይጠንቀቁ። ቅጹ ላይ ያለው ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው። በአማርኛ «5 ሰዓት» ተባብለው የሚያወሩ ሻጭና ኤጀንት ስድስት ሰዓት ሊተላለፉ ይችላሉ።)

ሐሳቤን ከቀየርኩ እንዴት ነው የምሰርዘው?

በጽሑፍ፣ ለገዢው ኤጀንት፣ ገዢው ፈርሞ ከማድረሱ በፊት። ስልክ ደውሎ መናገር በሕግ ሊሠራ ይችላል፤ በኋላ ማስረዳት ግን መከራ ነው። ኤጀንትዎ በኢሜይል አንድ መስመር ይላክ፦ የቤቱ አድራሻ፣ ካውንተሩ የተፈረመበት ቀን፣ «ይህ ካውንተር ኦፈር ከአሁን ጀምሮ ተሰርዟል» የሚል ቃል። ከዚያ በኤሌክትሮኒክ መፈረሚያው ላይ የተላከውን ሰነድ ይዝጋ። ይህን የሚረሱ ኤጀንቶች አሉ። ኢሜይሉ ሳይነበብ ሊንኩ ክፍት ከቀረ ገዢው ከመኪናው ውስጥ በስልኩ ፈርሞ ሊልከው ይችላል።

መሰረዝ የሚሠራው ሲደርስ ነው። ቅጽዎ የመቀበያውን ጊዜ ካልወሰነ ደግሞ አሮጌው የፖስታ ደንብ ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ ደንብ መቀበል የሚጸናው ሲላክ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ቅጾች «ሲደርስ» ብለው ስለሚጽፉ ይህ ችግር ቀንሷል።

ገዢው ፈርሞ መለሰ፣ ነገር ግን የክሎዚንጉን (ሽያጩ ተጠናቆ ቤቱ የሚተላለፍበትን) ቀን ሰርዞ ሌላ ጻፈ።

እንግዲያው አልተቀበለም። አንድ ቀን እንኳ ቢቀየር ወረቀቱ የገዢው አዲስ ኦፈር ሆኗል፤ የእርስዎ ፊርማ ኃይሉን አጥቷል። ሊቀበሉት ይችላሉ፣ ሊተዉት ይችላሉ፣ ዝም ማለትም ይችላሉ። ዝምታ መቀበል አይደለም።

በቴክሳስ ይህ ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል፤ ምክንያቱም እዚያ የተለመደው ለብቻው የሚሞላ የካውንተር ቅጽ ሳይሆን ያንኑ ኮንትራት እየሰረዙ፣ እየጻፉ ከጎኑ በኢኒሻል (በስም መነሻ ፊደላት) መፈረም ነው። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የትኛው ስረዛ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ወረቀቱ እንዲህ ከተዥጎረጎረ በንጹሕ ቅጽ እንደገና ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ።

ኤጀንቴ ለገዢው «ሻጩ በ640,000 ተስማምቷል» ብሎ ቴክስት ልኳል። በቃ?

አይበቃም። የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚገደደው ወገን መፈረም አለበት፤ ይህ ደንብ በእንግሊዝ በ1677 የወጣ ሕግ ወራሽ ነው፣ በአሜሪካም ክፍለ ግዛቶቹ በየፊናቸው ይዘውታል። ኤጀንት ቤት ያሳያል፣ ይደራደራል፣ ወረቀት ያደርሳል፤ የተለየ ውክልና ካልሰጡት በእርስዎ ስም አይፈርምም።

ይሁን እንጂ ቴክስትን አይናቁ። ዋጋውንና ቤቱን ለይቶ፣ ስምዎን ከታች አስፍረው እርስዎ ራስዎ የላኩት ኢሜይል ወይም ቴክስት እንደ ፊርማ የተቆጠረበት ጊዜ አለ። በኤሌክትሮኒክ መፈረምን ከወረቀት ጋር እኩል ያደረገው የፌዴራል ሕግ ከ2000 ጀምሮ እየሠራ ነው። ድርድር ላይ ከሆናችሁ «ሁለታችንም ኮንትራት ላይ እስክንፈርም ድረስ ግዴታ የለም» የሚል መስመር ይጨምሩ።

ሦስት ገዢ አለኝ። ለሦስቱም ካውንተር ልላክ?

በተራ ቅጽ ከሆነ በፍጹም። ሁለቱ በአንድ ምሽት ፈርመው ቢመልሱ ሁለት ውል አለብዎት፣ ቤት ግን አንድ።

በካሊፎርኒያ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ለብዙ ገዢ የሚላክ የካውንተር ቅጽ አለ። ልዩነቱ በመጨረሻው የፊርማ ቦታ ነው፦ ገዢው ተቀብሎ ከፈረመ በኋላ ሻጩ የመረጠውን አንዱን ለይቶ እንደገና እስኪፈርም ድረስ ውል አይሆንም። ገዢ ከሆኑና ይህ ቅጽ ከደረሰዎት ፈርመው ስለመለሱ ብቻ ቤቱን አገኘሁ ብለው የኪራይ ቤትዎን አይልቀቁ። ያ ሁለተኛ ፊርማ መምጣቱን ይጠይቁ።

እንደዚህ ያለ ቅጽ በሌለበት ቦታ «የመጨረሻ የተሻለ ዋጋችሁን አምጡ» ብሎ ለሁሉም መጻፍ ይሻላል። ያ ግብዣ ነው፤ ግዴታ አይፈጥርም።

ካውንተሩ ላይ ያልጻፍኩት ነገር ምን ይሆናል?

ያልተነካው ሁሉ ከገዢው ኦፈር ይወሰዳል። ዋጋውን ብቻ ቀይረው ከፈረሙ ገዢው ያስገባውን የ60 ቀን ክሎዚንግ፣ ፍሪጁን፣ እርስዎ ትከፍላላችሁ ያለውን የክሎዚንግ ወጪ፣ ሁሉንም ተቀብለዋል። ካውንተር የሚጽፍ ሻጭ የገዢውን ኦፈር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያለበት ለዚህ ነው። ዋጋው ላይ 10,000 ዶላር አስጨምረው በማያዩት መስመር 12,000 የሚያጡ ሻጮች ብዙ ናቸው።

አንድ የካሊፎርኒያ ቅጽ ዝርዝር ሰው ያስደነግጣል፦ ዋጋው ሲቀየር የዳውን ፔይመንቱ (ገዢው ከራሱ ገንዘብ የሚከፍለው) እና የብድሩ መጠን በዚያው ምጣኔ ይለወጣል፣ ሌላ ካልተጻፈ በቀር። ገዢው በ600,000 ላይ 120,000 ዳውን ብሎ ከነበረ፣ በ640,000 ካውንተር 128,000 ዳውንና 512,000 ብድር ይሆናል። ያ 8,000 ዶላር በገዢው ባንክ ከሌለ ችግሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ በአበዳሪው ቢሮ ይፈነዳል።

ባለቤቴ አልፈረመችም፤ አዲስ አበባ ናት።

የቤቱ ባለቤትነት በሁለታችሁ ስም ከሆነ የአንዱ ፊርማ ቤቱን አይሸጥም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ ቤቱን እንደ አንድ አካል ነው የሚይዙት፤ አንዱ ለብቻው ሊሸጠው አይችልም። በካሊፎርኒያ የጋራ ንብረት የሆነውን ቤት ለማስተላለፍ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ታይትሉ (የባለቤትነት መብቱ) በአንዱ ስም ቢሆንም። ይህ ማለት ግን ብቻውን የፈረመው ባል ከጣጣ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ገዢው እሱን በግሉ ለኪሳራ ሊጠይቀው ይችላል።

መፍትሔው ቤቱ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጥ ውክልና ነው። «ንብረቴን ሁሉ» የሚል አጠቃላይ ውክልና ታይትል ካምፓኒዎች (ባለቤትነቱን አጣርተው ሽያጩን የሚያስፈጽሙ ድርጅቶች) ይጠራጠሩታል፤ የቤቱን አድራሻ ጠቅሶ መሸጥን፣ በዲድ (በባለቤትነት ማስተላለፊያው ሰነድ) ላይ መፈረምንና ገንዘብ መቀበልን የሚል ይጠይቃሉ። ረቂቁን ራሱ ታይትል ካምፓኒው እንዲያዘጋጅ ያድርጉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው በአሜሪካ ኤምባሲ የኖታሪ አገልግሎት በቀጠሮ ሊፈርም ይችላል። ዋናው ወረቀት ከዲዱ ጋር ስለሚመዘገብ በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ አይበቃም።

ሁለታችንም ከፈረምን በኋላ 30,000 ዶላር የሚጨምር ገዢ መጣ። ቀብዱን እጥፍ አድርጌ ብመልስስ?

ይህን የሚጠይቀን ሁልጊዜ የእኛ አገር ሰው ነው፤ ምክንያቱም አለው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለ ደግሞ እጥፉን ከፍሎ ከውሉ መውጣት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መውጫ በር የለም። ኧርነስት መኒ (የአሜሪካው ቀብድ) በኤስክሮ፣ ማለትም ገንዘቡን በሚጠብቅ ሦስተኛ ወገን ዘንድ፣ የሚቀመጥ የገዢው መያዣ ነው፤ በአብዛኛው በእርስዎ እጅም አይገባ። እጥፉን ይዘው ቢሄዱም ገዢው «ገንዘብ ሳይሆን ቤቱን ነው የምፈልገው» ሊል ይችላል።

ፍርድ ቤቶችም ይሰሙታል። እያንዳንዱ ቤት በቦታው አንድ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሻጩ ውሉን እንዲፈጽም የሚያዝ ፍርድ በመሬትና በቤት ጉዳይ ይሰጣል። በ1999 የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማካርቲ እና ቶቢን ጉዳይ ሻጩ ዝርዝር ኮንትራት ገና ሳይፈረም ሌላ ገዢ ቢቀበልም፣ ቀድሞ የተፈረመው የአንድ ቅጽ ኦፈር ይበቃል ብሎ ለመጀመሪያው ገዢ ፈረደ።

ከፍርዱም በፊት ገዢው ክስ መሥርቶ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ የክርክር ማስታወቂያ ያስመዘግባል። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ተመዝግቦ ሳለ ታይትል ካምፓኒ ለሁለተኛው ገዢ ክሎዚንግ አያደርግም። 30,000ውን የጨመረው ሰውም ለወራት አይጠብቅም። በዚህ ላይ የራስዎ ኤጀንት ገዢ አምጥቻለሁ ብሎ ኮሚሽኑን ሊጠይቅ ይችላል።

የሚሻለው ሁለተኛውን ሰው በተጠባባቂ ኦፈር ማስፈረም ነው፤ የመጀመሪያው ከወደቀ ብቻ የሚነሣ ተብሎ በጽሑፍ።

ገዢው ቀብዱን ገና አላስገባም። ውል አለ?

አዎ። የመክፈል ቃሉ ውሉን ለማጽናት ይበቃል። ባለማስገባቱ ግን ውሉን እያፈረሰ ነው፤ ቅጽዎ ማስጠንቀቂያ ጽፈው፣ የተሰጠው ቀን ሲያልፍ መሰረዝ እንደሚፈቅድ ይመልከቱ። ማስጠንቀቂያውን ዘሎ በቀጥታ ለሌላ መሸጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

ታዲያ ሻጭ በሕጋዊ መንገድ የሚወጣበት የለም?

አለ፤ ግን አብዛኛው ቁልፍ በገዢው እጅ ነው። ኢንስፔክሽኑ፣ ብድሩና የቤቱ ዋጋ ግምት ላይ ያሉት ኮንቲንጀንሲዎች (ካልተሟሉ ከውሉ መውጣት የሚያስችሉ ሁኔታዎች) በመደበኛ ቅጾች የገዢው መውጫ ናቸው። ለሻጩ የቀሩት ገዢው ቀነ ገደብ ሲያልፈው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሰረዝ፣ ሁለቱም ተስማምተው መፈራረስ (ገዢው ለኢንስፔክሽንና ለአበዳሪ ያወጣውን ከፍሎ ማሰናበት ብዙ ጊዜ ይሠራል)፣ ማታለል፣ ወይም ካውንተሩ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ሁኔታ ናቸው። «የምሄድበትን ቤት እስካገኝ» የሚል ሁኔታ ከፈለጉ ካውንተሩ ላይ ከነቀን ገደቡ ይጻፉት። ከፈረሙ በኋላ ማስገባት አይቻልም።

በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክስ?

በኒው ጀርሲ ኮንትራቱን ያዘጋጀው የሪል እስቴት ኤጀንት ከሆነ፣ ሁለቱም የፈረሙት ከደረሰ በኋላ ሦስት የሥራ ቀናት የጠበቃ መመልከቻ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ የሻጩም የገዢውም ጠበቃ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ሦስቱ ቀን ዝም ተብሎ ካለፈ ይጸናል። በኒው ዮርክ ከተማና በአካባቢዋ አሠራር የሻጩ ጠበቃ የሚያዘጋጀው ዝርዝር ኮንትራት ተፈርሞ እስኪደርስ ማንም ራሱን እንደታሰረ አይቆጥርም፤ ተቀባይነት ያገኘ ኦፈር ቢኖርም።

ሻጩ ካውንተሩን ፈርሞ ከዚያ ቢሞት?

ገዢው ካልተቀበለ ካውንተሩ አብሮት ይሞታል። ተቀብሎ ከነበረ ውሉ ወራሾቹንና ውርሱን የሚያስተዳድረውን ሰው ያስገድዳል።

ቤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሆንስ?

ደንቡ በሁለት ነገር ይገለበጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1690 መሠረት ለመቀበያ ቀን ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ይገደዳል፤ ከላይ ካየነው የሰሜን ካሮላይና ፍርድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በሌላ በኩል የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም (ቁጥር 2877)፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መሆንም አለበት (ቁጥር 1723)፤ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ረቂቅ እንጂ ውል የለም (ቁጥር 1720)። ስለዚህ ከዳላስ ሆነው በኢሜይል የተስማሙበት ዋጋ፣ ምንም ያህል ፊርማ ቢኖርበት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ እስኪደርስ ብዙ አይተማመኑበት። አንድ ነገር ግን በሁለቱም አገር ያው ነው፦ ለውጥ ያለበት መቀበል እንደ እምቢታና እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል (ቁጥር 1694)።

ገዢ ነኝ። ውል ከሆነ በኋላ ሻጩ አልሸጥም አለኝ፤ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የፈረሙት ካውንተር የደረሰበትን ማስረጃ ያውጡ፦ ኢሜይሉን ከነሰዓቱ፣ ከኤሌክትሮኒክ መፈረሚያው የሚወርደውን ማን በስንት ሰዓት ከፍቶ እንደፈረመ የሚያሳየውን ገጽ። ከዚያ የራስዎን ግዴታ መፈጸም አያቋርጡ። ብድሩ ይቀጥል፣ ቀነ ገደቦቹ ይጠበቁ፣ አበዳሪው ዝግጁ መሆንዎን በደብዳቤ ይስጥ። ቤቱን በፍርድ የሚጠይቅ ገዢ ለመክፈል ፈቃደኛና ብቁ እንደነበረ ማሳየት አለበት፤ ተናዶ ብድሩን ያቋረጠ ሰው ይህን ያጣል። በካሊፎርኒያ መደበኛ ቅጽ ሽምግልና ሳይሞክር የሚከስ ሰው ቢያሸንፍም የጠበቃ ወጪውን የማስመለስ መብቱን ስለሚያጣ ጠበቃዎ ያንን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ኤስክሮው «ገንዘብዎን ይውሰዱ» ብሎ ቅጽ ሲልክልዎት ደግሞ ከታች ያለውን አንብቡ። ብዙዎቹ «ሁለቱም ወገኖች ከማንኛውም ጥያቄ ነፃ ተባብለዋል» ይላሉ። እዚያ ላይ ከፈረሙ ቀብዱ ይመለሳል፣ ቤቱን የመጠየቅ መብቱ ግን በዚያች ፊርማ ያልቃል።